ፓርኪንሰን በወጣትነት ሲመጣ፦ ድጋፍ ከማን፣ መቼ፣ እንዴት ይጠየቃል?

ፓርኪንሰን የሚባለው የአንጎል ሕመም ሲነሳ ለብዙ ሰው የሚታየው እጃቸው የሚንቀጠቀጥ አዛውንት ናቸው። ስለዚህ አንድ የ38 ዓመት ሰው "ፓርኪንሰን አለብኝ" ሲል የመጀመሪያው ምላሽ ብዙ ጊዜ "ኧረ ባክህ! በዚህ ዕድሜህ?" ነው። አዎ፣ በዚህ ዕድሜ። ሕመሙ ከ50 ዓመት በፊት ከጀመረ ሐኪሞች "በወጣትነት የሚጀምር ፓርኪንሰን" ይሉታል። ቦክሰኛው መሐመድ አሊ እ.ኤ.አ. በ1984 ሕመሙ ሲነገረው 42 ዓመቱ ነበር። ተዋናዩ ማይክል ጄ. ፎክስ በ1991 ሲነገረው ደግሞ ገና 29 ዓመቱ። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በወጣትነት የጀመረ ፓርኪንሰን አብዛኛውን ጊዜ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። ይህ መልካም ነው። በሌላ በኩል ግን ሰውየው ከሕመሙ ጋር የሚኖርበት ዘመን ይረዝማል፤ ያውም ሥራ በሚሠራበት፣ ልጅ በሚያሳድግበት፣ ዕዳ በሚከፍልበት ዕድሜ። ለ75 ዓመት ሰው የታሰበ ድጋፍ ለእሱ ልኩ አይደለም። ስለ ጡረታ ኑሮ በሚወራበት ስብሰባ ተቀምጦ የልጁን የትምህርት ቤት ክፍያ የሚያሰላ ሰው ብቸኝነቱ ይብስበታል እንጂ አይቀልለትም።

የዚህ መመሪያ ሐሳብ አንድ ነው፤ ድጋፍ በጅምላ አይገኝም፣ በችርቻሮ ነው የሚገኘው። አንዱን ነገር ከሐኪም፣ ሌላውን ከጓደኛ፣ ሌላውን ከአለቃ፣ ሌላውን ደግሞ ጨርሶ ከማያውቁት ሰው። ሁሉንም ከአንድ ሰው የጠበቀ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከትዳር ጓደኛው፣ ያንን ሰው ያደክመዋል።

1. መጀመሪያ የጎደለውን ይጻፉ

ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት ትንሽ ደብተር ይያዙ። መጻፍ ካስቸገረ በስልክ ድምፅ ይቅዱ። መድኃኒቱን ስንት ሰዓት ወሰዱ? መቼ መሥራት ጀመረ? መቼ ለቀቀዎት? በዚያ ሰዓት ምን ማድረግ አቃተዎት?

ማስታወሻው ተራ ይሁን። "ሸሚዝ መቆለፍ ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ።" "ስብሰባ ላይ ስናገር ድምፄ አልተሰማም።" "ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ነቃሁ፣ ከዚያ እንቅልፍ የለም።" "ልጄ ለምን ተቆጣህ አለችኝ፣ እኔ ግን አልተቆጣሁም።" ይህች የመጨረሻዋ ቀላል አይደለችም። ፓርኪንሰን የፊት ጡንቻን ስለሚያደርቅ ሰውየው ሳያውቀው የተኮሳተረ ይመስላል። በዚህ ምክንያት ብዙ ቤት ውስጥ ያለ ነገር ኩርፊያ ተፈጥሯል።

ከዚያ በእያንዳንዱ መስመር ፊት አንድ ጥያቄ ያስቀምጡ፦ ይህን ማን ነው የሚያግዘኝ? የቁልፉ ነገር ለኦኩፔሽናል ቴራፒስት (የዕለት ተዕለት ሥራን ለማቅለል ለሚያግዝ ባለሙያ) ይሆናል። የድምፁ ለንግግር ቴራፒስት። የእንቅልፉ ለሐኪሙ። የልጅቷ ጥያቄ ደግሞ ለቤተሰብ ወሬ። ባለቤት ያጡ መስመሮች ይቀራሉ። ፍለጋው የሚጀምረው ከእነሱ ነው።

2. ሐኪምዎን በደንብ ይጠቀሙበት

ከነርቭ ሐኪሞች መካከል በእንቅስቃሴ መዛባት ላይ የተለዩ ስፔሻሊስቶች አሉ። መደበኛ ክትትሉ ቅርብ ካለው ሐኪም ጋር ቢሆንም፣ ከተቻለ በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ እንዲህ ያለ ሐኪም ይይዎት። በወጣትነት የጀመረ ፓርኪንሰን የራሱ ጠባይ አለው። ጠዋት ጠዋት የእግር ጣቶች ወደ ታች መታጠፍ ወይም እግር መጠማዘዝ (ዲስቶኒያ) በወጣቶች ላይ ይበዛል። ሌቮዶፓ የተባለው ዋናው መድኃኒት የሚያመጣው ያልታዘዘ የሰውነት መወዛወዝም በወጣቶች ላይ ቶሎ ይታያል። ሴት ከሆኑ የወር አበባ ሲቃረብ ምልክቶቹ መባባሳቸውን ይመዝግቡ፤ ብዙ ሴቶች ይህን ያያሉ፣ ግን ካልተናገሩት ማንም አይጠይቃቸውም። ልጅ ለመውለድ ካሰቡም ከመጸነስዎ በፊት ያማክሩ። አንዳንዶቹ መድኃኒቶች በእርግዝና ጊዜ አይመከሩም።

የዘር ምርመራ ጉዳይም ይነሳል። ሕመሙ በወጣትነት ሲጀምር እንደ ፓርኪን ያሉ ጂኖች መለወጥ ምክንያት የመሆኑ ዕድል ከፍ ይላል። ከመመርመርዎ በፊት ግን የዘር አማካሪ ያናግሩ። ውጤቱ የእርስዎ ብቻ አይደለም፣ የእህት የወንድምና የልጆችም ነው። እነሱ ማወቅ ይፈልጉ እንደሆነ ማንም አልጠየቃቸውም።

ቀጠሮ ሲሄዱ ሦስት ጥያቄ ብቻ ይያዙ፣ ዋናውን መጀመሪያ። መድኃኒቱ ሲለቅዎት የሚሆኑትን ሌላ ሰው በስልክ ቪዲዮ ይቅረጽልዎት። የምርመራ ክፍል ውስጥ ሲገቡ ምልክቱ ድራሹ የሚጠፋበት ሰው ብዙ ነው። አንድ ሰው ይዘው ይግቡ፤ እርስዎ ሲያወሩ እሱ ይጽፋል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ፕራሚፔክሶልና ሮፒኒሮል ከመሳሰሉት መድኃኒቶች አንዱ ለወጣት ታማሚ ሊታዘዝ ይችላል። በአንዳንድ ሰው ላይ እነዚህ መድኃኒቶች ልጓም የሌለው ፍላጎት ያስነሳሉ። ቁማር፣ ግዢ፣ ወሲብ፣ መብላት። ሰውየው ራሱ ብዙ ጊዜ አያስተውለውም፣ ቢያስተውል ያፍራል፣ ይደብቃል። ቤት ያፈረሰና ሰው ዕዳ ውስጥ የከተተ ነገር ነው። ስለዚህ መድኃኒቱን ከመጀመርዎ በፊት አንድ የሚያምኑትን ሰው ይምረጡና እንዲህ ይበሉት፦ "ጠባዬ ከተለወጠ ንገረኝ። ብቆጣም ንገረኝ። እምቢ ካልኩህ ለሐኪሜ ደውል።" የሐኪሙን ስልክ ይስጡት። ለሐኪሙም ይህ ሰው እንደሚደውል፣ ፈቃድዎ መሆኑንም አስቀድመው ይንገሩ። ፍላጎቱ ከመጣም መድኃኒቱን በራስዎ በድንገት አያቁሙ፤ ቀስ እያሉ የሚቀንሱት ሐኪም ባለበት ነው።

3. ለማን እንደሚናገሩ በቅደም ተከተል ያስቡ

"በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም" ይባላል። እውነት ነው። መጀመሪያ ለማን፣ ቀጥሎ ለማን የሚለውን ግን ተረቱ አይነግረንም። ፎክስ ሕመሙን ለሕዝብ የተናገረው በ1998 ነው፣ ካወቀ ከሰባት ዓመት በኋላ። በ2000 በስሙ የሚጠራውን የፓርኪንሰን ምርምር ድርጅት አቋቋመ። ሰባት ዓመት ደብቁ ማለቴ አይደለም። ጊዜው የእርስዎ ነው ለማለት ነው። አንዴ የወጣ ወሬ ተመልሶ አይገባም።

የእኔ ምክር ይህ ነው፦ መጀመሪያ አንድ ጣሪያ ሥር ለሚኖሩት። ቀጥሎ በእርግጥ ሊያግዙ ለሚችሉ ለሁለት ወይም ሦስት ሰዎች። ከዚያ ለመሥሪያ ቤት፣ የራሱ ዝግጅት ስላለው ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። ሌላው ሕዝብ ሲደርስ ይደርሳል።

ለልጆች አጭርና እውነት የሆነ ነገር ይንገሩ። አንድ ነገር እንዳለ አስቀድመው አውቀዋል፤ ያላወቁት ስሙን ብቻ ነው። ለትንሽ ልጅ እንዲህ ይበቃል፦ "እጄ የሚንቀጠቀጠው አንጎሌ ውስጥ አንድ ንጥረ ነገር ስላነሰ ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። አንተ ያጠፋኸው ነገር የለም። መድኃኒት እየወሰድኩ ነው።" "ትሞቺያለሽ?" ብሎ ከጠየቀም አይደንግጡ። ሰዎች ከዚህ ሕመም ጋር ብዙ ዓመት እንደሚኖሩ ይንገሩት። "ቶሎ ይሻለኛል" ግን አይበሉ፣ ቃሉ ሳይፈጸም ሲቀር ቀጥሎ የሚሉትን አያምንም። ከፍ ያለ ልጅ ወሬውን እንደሰማ ስልኩን ከፍቶ ማንበቡ አይቀርም። አጠገቡ ተቀምጠው አብረው ያንብቡ።

ከልጆች ይልቅ ለወላጅ መናገር የሚከብደው ሰው ብዙ ነው። እናት "ምን አጥፍቼ ነው ልጄን እንዲህ ያገኘው" ማለት ትጀምራለች፤ ታማሚው አጽናኝ ሆኖ ያርፈዋል። እህት ወይም ወንድም ቀድሞ ቢነግርልዎት ነውር የለውም።

4. መሰሎችዎን ያግኙ

የትኛውም ደግ ዘመድ የማይተካው ድጋፍ አለ። በ40 ዓመቱ ፓርኪንሰን ያለበት ሌላ ሰው የሚሰጠው ነው። ቦርሳ ውስጥ ያለ ሳንቲም ለመልቀም ሲታገሉ ከኋላ የተሰለፈ ሰው ሲያጉረመርም ምን እንደሚሰማ ለእሱ ማስረዳት አያስፈልግዎትም።

ፍለጋውን ከሚኖሩበት አገር የፓርኪንሰን ማኅበር ይጀምሩ። ሲደውሉ "የድጋፍ ቡድን አላችሁ?" ብቻ ብለው አይዝጉት። "ከ50 ዓመት በታች ለሆኑ፣ ወይም በሥራ ላይ ላሉ ሰዎች የተለየ ቡድን አላችሁ?" ብለው ይጠይቁ። ከሌለም "በእኔ ዕድሜ ካሉ አባሎቻችሁ ፈቃደኛ የሆነ አንድ ሰው ታገናኙኛላችሁ?" ይበሉ። ከነርቭ ሐኪሙና ከፊዚዮቴራፒስቱም ይህንኑ ይጠይቁ። የሌላ ታካሚ ስልክ መስጠት አይችሉም፣ የእርስዎን ስልክ ግን በፈቃድዎ ለዚያ ሰው ማድረስ ይችላሉ።

ባሉበት ቦታ ምንም ከሌለ ድንበር አያግድዎት። አሜሪካ ያለው ፓርኪንሰን ፋውንዴሽን፣ የማይክል ጄ. ፎክስ ድርጅት፣ እንግሊዝ ያለው ፓርኪንሰንስ ዩኬ በኢንተርኔት የሚነበብ ብዙ ነገር አላቸው። በወጣትነት ለጀመረባቸው ሰዎች የተዘጋጀም አለ። ብስክሌተኛው ዴቪስ ፊኒ በ40 ዓመቱ ሕመሙ ከተነገረው በኋላ በ2004 ያቋቋመው ድርጅት ደግሞ ትኩረቱ ከሕመሙ ጋር ዛሬን በደንብ መኖር ላይ ነው።

ቡድን ሲያገኙ ዝም ብለው አይግቡ። ማን ነው የሚመራው? የሚሸጥ ነገር አለ? ፓርኪንሰንን የሚያድን መድኃኒት እስካሁን የለም። "ሥሩን የሚነቅል" ቅጠል ወይም ፍሬ የሚሸጥበት ቡድን ከሆነ ይውጡ። የተነገረው ከዚያ ክፍል እንዳይወጣ ደንብ አለ? ሁሉም ሰው ሲያለቅስ ብቻ የሚውልበት ነው ወይስ መላ የሚነገርበት? ቢያንስ ሁለት ጊዜ ሳይሄዱ አይፍረዱ፤ የመጀመሪያው ቀን ለማንም ከባድ ነው። ሕመሙ የጠናበትን ሰው አይተው "ነገ እኔም እንዲህ ነኝ" ብለው ሊደነግጡ ይችላሉ። የፓርኪንሰን አካሄድ ከሰው ሰው ይለያያል። የሌላ ሰው ሁኔታ ለእርስዎ ትንቢት አይደለም።

ቡድን ካጡ ሁለት ሰው ይበቃል። በሳምንት አንድ ቀን ግማሽ ሰዓት በስልክ። ብዙ ቡድኖች እንደዚያ ነው የተጀመሩት።

5. "ምን ልርዳህ?" ለሚል ሰው ሥራ ይስጡት

ሰዎች ይህን ሲጠይቁ አብዛኞቹ ከልባቸው ነው። "ምንም አይደል፣ እግዜር ይስጥልኝ" ሲባሉ ግን ይሄዳሉ፣ ሁለተኛ ለመጠየቅም ያፍራሉ። መልስዎ ቀን፣ ሰዓትና ሥራ ይኑረው። "ማክሰኞና ሐሙስ ልጆቹን ከትምህርት ቤት ታመጣልኛለህ?" "ቅጽ ስሞላ አብረሽኝ ሁኚ፣ ጽሑፌ እያነሰ ሰው አያነበውም።" "ሐኪም ቤት ስሄድ አንተ ንዳ።" እምቢ ማለት እንደሚችሉም ይንገሯቸው፤ እምቢ ማለት የማይችል ሰው ስልክ ማንሳት ያቆማል።

እንዳይደረግልዎት የሚፈልጉትንም ይናገሩ። "ሳልጠይቅህ ኮት አታልብሰኝ። ጊዜ ብቻ ስጠኝ።" "ቃል ስፈልግ አትጨርሺልኝ።" ይህን በሰላሙ ቀን መናገር ይሻላል። በተናደዱበት ቀን ከሆነ ስድብ ይመስላል።

6. መሥሪያ ቤት

ምርመራው በተነገረ ሰሞን መልቀቂያ አያስገቡ። መድኃኒቱ ተስተካክሎ ምን እንደሚችሉ ሳያዩ የሚወሰን ውሳኔ ነው፣ ብዙ ሰውም ከምርመራው በኋላ ዓመታት ሠርቷል።

ከመናገርዎ በፊት ሦስት ነገር ያጣሩ። አንደኛ፣ በሚኖሩበት አገር አካል ጉዳትን ወይም ረጅም ሕመምን በሥራ ቦታ የሚመለከተው ሕግ ምን ይላል? በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን "ተመጣጣኝ ማመቻቸት" (ሥራው ለሰውየው ሁኔታ እንዲስተካከል) የሚለውን መብት ያስቀምጣል፤ የየአገሩ ሕግ ግን ይለያያል። ሁለተኛ፣ የሥራ ውልዎ ስለ ሕመም ፈቃድና ስለ መድን የሚለው ምንድን ነው? ሦስተኛ፣ ሥራዎ የሌላ ሰው ሕይወት ያለበት ነው? ሾፌር፣ ቀዶ ሐኪም ወይም ከባድ ማሽን የሚያንቀሳቅስ ሰው የማዘግየት ምርጫው ጠባብ ነው፤ የመንጃ ፈቃድ ደንብም ለብቻው ሕመሙን እንዲያሳውቁ ሊያስገድድ ይችላል።

ሲናገሩ ሕመሙን ብቻ ይዘው አይቅረቡ። የሚፈልጉትን ማስተካከያ አብረው ይያዙ። ዋና ዋና ስብሰባዎች መድኃኒቱ በሚሠራበት ሰዓት ይሁኑ። በድምፅ የሚጽፍ ፕሮግራም ይፈቀድልኝ። በሳምንት ሁለት ቀን ከቤት ልሥራ። የተስማሙበትን በዚያው ቀን በኢሜይል ጽፈው ይላኩ። አለቃ ይቀየራል፣ ጽሑፍ ይቀራል።

7. ልብ ሲሰበር

ድብርትና ጭንቀት ለዜናው የሚሰጥ ምላሽ ብቻ አይደሉም። የሕመሙ አካል ናቸው፤ አንጎል ውስጥ ያለው የኬሚካል ለውጥ ስሜትንም ይነካል። እጅ መንቀጥቀጥ ከመጀመሩ ዓመታት ቀድመው ሊመጡ ይችላሉ። የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ ብራያን ግራንት በ36 ዓመቱ ፓርኪንሰን እንዳለበት ከመታወቁ በፊት በድብርት መሠቃየቱን ተናግሯል። ስለዚህ "ጠንከር በል" የሚል ምክር ቦታው አይደለም። ለነርቭ ሐኪሙ ይንገሩ፤ የመድኃኒት ሰዓት ማስተካከል ብቻውን የሚረዳበት ጊዜ አለ። የሥነ ልቦና ባለሙያ ወይም የአእምሮ ሐኪም እንዲያገናኝዎትም ይጠይቁ። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ቀጠሮ አይጠበቅም። ያኑ ቀን ለአንድ ሰው ይንገሩ፣ ድንገተኛ ሕክምና ይሂዱ።

የአልጋ ነገርም አለ። ሰው ስለሚያፍርበት ትዳር ውስጥ በዝምታ የሚያድግ ችግር ነው። ሕመሙም መድኃኒቱም ፍላጎትን ሊቀንሱ ወይም ሊጨምሩ ይችላሉ። ሐኪሙ ሰምቶት የማያውቀው ነገር አይደለም፣ ይንገሩት።

8. አስታማሚውም አስታማሚ ያስፈልገዋል

የ40 ዓመት ባለትዳሮች አስታማሚና ታማሚ ለመሆን አልተጋቡም። የትዳር ጓደኛዎ ነርስ፣ ሾፌር፣ ገንዘብ ያዥና አጽናኝ ከሆነ ፍቅረኛ የሚሆንበት ጊዜ አያገኝም። ከላይ በአምስተኛው ላይ ካሉት ሥራዎች ግማሹን ሆን ብለው ለሌላ ሰው ይስጡ። በሳምንት ጥቂት ሰዓት የእሱ ወይም የእሷ ብቻ ትሁን፣ ስለ ሕመሙ የማይወራባት። ብዙ ማኅበራት ለቤተሰብ ብቻ የተለየ ቡድን አላቸው፤ እርስዎ በሌሉበት ማማረር መቻላቸው ጥሩ ነው። አይከፉ።

9. ሰውነት የሚንቀሳቀስበት ቦታ ይግቡ

ስሜትን ቁጭ ብሎ ማውራት የማይሆንለት ሰው አለ። እንደዚያ ከሆኑ ከስብሰባ ይልቅ የስፖርት ቡድን ይፈልጉ። በሳምንት 150 ደቂቃ ያህል መካከለኛ ወይም ከዚያ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ ይመከራል፤ በፊዚዮቴራፒስት ምክር ይጀምሩ። ለፓርኪንሰን የተዘጋጀ ቦክስ አለ፣ ማንም ማንንም አይመታም። ዳንስም አለ፤ በ2001 ብሩክሊን ውስጥ የማርክ ሞሪስ የዳንስ ቡድን የጀመረው ትምህርት ዛሬ በብዙ አገሮች ይሰጣል። ወዳጅነቱ በላብ መሃል ሳይታሰብ ይመጣል።

10. አንድ ወረቀት በቦርሳ

ሁሉም ነገር ከተደራጀ በኋላ አንድ ገጽ ይጻፉ። አንዱን ኮፒ በቦርሳ ያኑሩ፣ ሌላውን ለሁለተኛ ሰው ይስጡ፣ ፎቶውንም ስልክ ላይ ያስቀምጡ። ሆስፒታል በድንገት ቢገቡ የሚናገርልዎት እሱ ነው። ወጣት ስለሆኑ አካሄድዎን ያየ ሰው ሰክረዋል ብሎ ሊገምት ይችላል፣ ፓርኪንሰን ብሎ የሚጠረጥር ጥቂት ነው።

ወረቀቱ ላይ ይህ ይኑር፦ ስም፣ "ፓርኪንሰን አለብኝ" የሚል መስመር፣ የነርቭ ሐኪሙ ስልክ፣ የሚጠራ ሰው ስልክ። የእያንዳንዱ መድኃኒት ስም፣ መጠንና ትክክለኛ ሰዓት፣ ከሥሩም "ሰዓቱ አይለፍ፣ በድንገት አይቋረጥ" የሚል። ለብቻው በትልቁ የማይሰጡኝ መድኃኒቶች፦ ለማቅለሽለሽ የሚሰጠው ሜቶክሎፕራማይድና ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠው ሃሎፔሪዶል፣ ሁለቱም ዶፓሚንን (በፓርኪንሰን የሚያንሰውን የአንጎል ንጥረ ነገር) ስለሚያግዱ ምልክቱን ያባብሳሉ። ሌላ የሚጨመር ካለ ሐኪምዎ ይንገርዎት። ቀን ይጻፉበት፣ መድኃኒት በተቀየረ ቁጥርም አሮጌውን ቀድደው አዲሱን ለሁሉም ያድርሱ።